አራት ሜትር

ሽማግሌው በጣታቸው ውሃውን አሳዩኝ። «ትምህርት ቤቱ እዚያ ጋ ነበር» አሉ። ጣታቸውን ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አደረጉና «የእናቴ ቤት ደግሞ እዚያ» ብለው ጨመሩ። እኔ የማየው ውሃ ብቻ ነው። አጫጭር ማዕበል፣ አረፋ፣ ቅርንጫፉ ረግፎ ግንዱ ብቻ የቀረ አንድ ዛፍ። ሞተረኛው ጀልባዋን አቀዝቅዞ ዝም ብሏል። ለወሬ የቸኮልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቦታው ሴኔጋል ነው። ከሳን ሉዊ ከተማ ወደ ደቡብ፣ የሴኔጋል ወንዝ ከአትላንቲክ ጋር የሚገናኝበት። የጠፋችው መንደር ዱን ባባ ጄይ ትባላለች። ለሥራ ዳካር ሄጄ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ሳን ሉዊን ሳታዪ እንዳትሄጂ» አለኝ። እይ የሚሉኝ ድልድዩን፣ የእንጨት በረንዳዎቹን፣ አሮጌዎቹን ቤቶች ነው። እነሱንም አየሁ፤ ያምራሉ። ይዞኝ የቀረው ግን ይሄ ባዶ ውሃ ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብዬ ጠየቅሁ። አብሮን ያለው ወጣት ጥያቄዬን በአገሩ ቋንቋ በዎሎፍ ነገራቸው። የጠበቅሁት መልስ የተለመደውን ነው፦ መንግሥት፣ ፈረንሳይ፣ የአየር ንብረት ለውጥ። ሽማግሌው ሳቁ። «እኛ ነና!» አሉ። «ያን ሌሊት እኔ ሶር ነበርኩ። ውሃው ቤቴ ገብቶ እዚህ ደርሷል።» ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። «ማንኪያ ብትሰጪኝ በማንኪያ እቆፍር ነበር፣ ልጄ።»

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ያቺ ማንኪያ አልለቀቀችኝም። ጎርፍ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት ውሃው ወደ ባሕር እንዲወጣ ቦይ የተቆፈረበት ሌሊት ነው። እኚህ ሰው ያን ሌሊት፣ ሶር በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ያለው ቤታቸው ተረፈላቸው። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ሥራ፣ የእናታቸው መንደር ተፈረደባት። አንዱን ወገን ይዤ እንዳልናደድ ተጠቃሚውም ተጎጂውም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ።

ያበላትም ያስራባትም አሸዋ

ቦታውን ካላሳየኋችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ወንዙ ከጊኒ ደጋ ይነሣል፤ ማሊን አቋርጦ፣ ሴኔጋልንና ሞሪታንያን እየለየ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ባሕሩ ሊደርስ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ይከለከላል። የሚከለክለው ላንግ ደ ባርባሪ የሚባል ቀጭን፣ ረጅም የአሸዋ መሬት ነው። በአንድ ወገኑ ወንዝ፣ በሌላው ወገኑ ውቅያኖስ። አንዳንድ ቦታ ላይ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው በእግር ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ወንዙ እዚህ ሲደርስ ወደ ደቡብ ይታጠፍና ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን እየሄደ መውጫ ይፈልጋል። ከ2003 በፊት መውጫውን የሚያገኘው ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መውጫውም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም። የባሕሩ ሞገድ ከሰሜን አሸዋ እየገፋ ያንን ቀጭን መሬት ያስረዝመዋል። አንድ ቀን ጎርፍ ወይም ማዕበል ይበጥሰዋል። ከዚያ እንደገና መርዘም ይጀምራል። እኛ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ይሄኛው ወንዝ እንኳን ግንድ፣ መውጫውን ራሱን ይዞ ነው የሚዞረው።

ከተማዋ ያለችው ወንዙ መሐል በምትገኝ ደሴት ላይ ነው። ርዝመቷ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ወርዷን ግን ሲጋራ ሳያልቅ ታቋርጡታላችሁ። የአገሬው ሰው ንዳር ይላታል። ፈረንሳዮች በ1659 ምሽግ ሠሩባትና በቅዱስ ንጉሣቸው በሉዊ ስም ጠሯት። ይሄ ሁሉ ሰፊ የብስ እያለ ጠባብ ደሴት ላይ መታጎር ለምን አስፈለገ? መልሱ አሸዋው ነው። መውጫው ላይ የተከማቸው አሸዋ ትልቅ የጦር መርከብ አያሳልፍም። መንገዱን የሚያውቅ መሪ ይፈልጋል። መሪ ቢኖርም ማዕበሉ እስኪበርድ ውጭ ቆሞ መጠበቅ አለ። እንግሊዞች በተለያየ ጊዜ ከተማዋን ይዘዋታል፤ ቢሆንም አሸዋው ከማንም ወታደር የተሻለ ዘበኛ ነበር።

በዚህ ዘበኛ ጥላ ሥር ብዙ ንግድ ተነገደ። ከሞሪታንያ በረሃ የሚመጣ የግራር ሙጫ፣ ወርቅ፣ ሰው። ስለ ሰው ንግዱ ሳን ሉዊ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ አላገኘሁም። ሱቁ ሁሉ ላይ የተሰቀለው የሲኛሮች ሥዕል ነው። ሲኛር ማለት ከአውሮፓ ነጋዴዎች ጋር በአገሩ ወግ የተጋቡ፣ ራሳቸውም ትልልቅ ነጋዴ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ሥዕሉ ላይ ረጅም ሾጣጣ ሻሽ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ወርቅ አለ። ገና ሲሆን እኩለ ሌሊት ቅዳሴ ሲሄዱ ፊት ፊታቸው ፋኖስ ይያዝላቸው ነበር፤ ፋናል የሚባለው የከተማዋ የፋኖስ በዓል ከዚያ የመጣ ነው። ፋኖሱን የሚይዙት ባሪያዎቻቸው ነበሩ። ፖስተሩ ላይ ግን እነሱ የሉም።

ቅኝ ግዛቱ ሲስፋፋ ሳን ሉዊም አበጠች። በ1895 የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ሁሉ ዋና ከተማ ሆነች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 ቀን የሙሪድ ጠሪቃ (የሱፊ እስልምና ማኅበር) መሥራች ሸኽ አሕመዱ ባምባ እዚሁ ገዥው ቤት ለፍርድ ቀረቡና ወደ ጋቦን ተጋዙ። ከፈረደባቸው ጉባኤ ፊት ሁለት ረከዓ ሰገዱ ይባላል። ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ገዥው ቤት ፊት ለፊት ወጥቶ ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። የፈረዱባቸውን ሰዎች ስም ግን መንገድ ላይ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ አታገኙም።

ከዚያ ዘበኛው ተገላበጠ። መርከቦች በእንፋሎት መሄድ ጀመሩ፤ ገዘፉ፤ ያን ጊዜ ጠላትን የከለከለው አሸዋ ወዳጅንም ከለከለ። ዳካር ጥልቅ ወደብ ነበራት። ከዳካር ሳን ሉዊ የባቡር ሐዲድ በ1885 ተከፍቷል፤ ሐዲዱ ለሳን ሉዊ ሕይወት ያመጣል ተብሎ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ነጋዴውን ወደ ዳካር ጠርጎ ወሰደው። በ1902 የትልቁ ግዛት ዋና ከተማነት ወደ ዳካር ሄደ። የሴኔጋል የራሷ ዋና ከተማነትም በ1950ዎቹ መጨረሻ ተከተለው። ሞሪታንያ ደግሞ ኑዋክሾት እስክትሠራ ድረስ የምትተዳደረው ከዚችው ከሳን ሉዊ ነበር። አስቡት፤ የአንድ አገር ዋና ከተማ ከአገሩ ውጭ።

ሁሉም ጥሏት ሄደ። ጥለዋት ባይሄዱ ኖሮ ቤቶቹ ፈርሰው ፎቅ ይሆኑ ነበር። በ2000 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት እነዚያ ቤቶች ስላልተነኩ ነው። ያልተነኩት ገንዘብ ስላልነበረ ነው። ገንዘብ ያልነበረው አሸዋው መርከብ ስላላሳለፈ ነው።

ያቺ ሌሊት

ደሴቲቱን ከየብሱ የሚያገናኛት የፌዴርብ ድልድይ ነው። በ1897 የተመረቀ የብረት ድልድይ፤ ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ። ቱሪስቱ ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሣው ፊቱን ወደ ደሴቲቱ አዙሮ ነው። ጀርባውን የሚሰጠው ሶር ለሚባለው ሰፈር ነው። የከተማው አብዛኛው ሰው ግን የሚኖረው እዚያ ሶር ነው።

በ1970ዎቹ ድርቅ ከሰሃራ በታች ያለውን የሳህል ምድር ሲያቃጥል ከገጠር የተፈናቀለው ሰው ሶር መጣና ሰፈረ። ያገኘው ቦታ ረባዳ ነበር። ወንዙ ድሮ ሲሞላ የሚተኛበት፣ በድርቁ ዘመን ደርቆ መሬት የመሰለ ረግረግ። ሰው ቤት ሠራበት፤ ልጅ ወለደበት። ዝናቡ ሲመለስ ወንዙም ወደ ቦታው ተመለሰ። የሽማግሌው ቤት እዚያ ረባዳ ላይ ነው።

በጊኒ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ እንደኛው የክረምት ነው። ሳን ሉዊ የሚደርሰው ግን ቀስ ብሎ፣ ወደ መስከረም ገደማ ነው። ጎርፉ እንደኛ አገር ደራሽ አይደለም። አያጓራም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሰውየው እንደነገሩኝ የሚያስፈራው እሱ ነው። ትልቋ ልጃቸው በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ በከሰል መስመር ታሰምር ነበር። መስመሩ በየቀኑ ወደ ላይ ይወጣል። ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ አወጡት። የሩዙን ጆንያ ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። ውሃው የጎረቤቱን መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ሞልቶ ስለመጣ ሽታው አያስቀምጥም። ልጆቹ ታመሙ። «ማን ይሄዳል?» አሉኝ፤ «ብንሄድስ የት እንሄዳለን? ከድርቅ ሸሽተን የመጣንበት ቦታ እኮ ነው።»

በዚያን ሰሞን ከተማዋን የሚያስተዳድሩ ሰዎች የነበሩበትን ጭንቀት ለመገመት ብዙ ሞክሬአለሁ። ወንዙ እየሞላ ነው። ባሕሩ አጠገቡ ነው፤ ጆሮ ለሚሰጥ ይሰማል። በመሐል ያለው አሸዋ ብቻ ነው። ውሃው ግን ያንን አሸዋ ለመዞር 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር ዓይናችሁ እያየ ምን ታስባላችሁ? እኔ የማስበውን አውቃለሁ።

ኦክቶበር 3 ቀን 2003። በእኛ መስከረም 22 ቀን 1996፤ መስቀልን አክብረን ሳምንት እንኳ አልሞላንም። ከከተማዋ ደቡብ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ያ አሸዋ ቀጠን ያለበት ቦታ ላይ፣ በባለሥልጣናት ውሳኔ ቦይ ተቆፈረ። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 100 ሜትር ገደማ። የአንድ ቀበሌ የፍሳሽ ቦይ ያህል ነው።

ሠራ። በሁለት ቀን ውስጥ የጎርፉ አደጋ አለፈ። ሶር ውስጥ ልጅቷ በከሰል ያሰመረችው መስመር ደርቆ ብቻውን ቀረ። ሰውየው ይህን ሲነግሩኝ ከሃያ ዓመት በኋላም ፊታቸው ይበራል። «ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ» አሉ።

ይህ ታሪክ ብዙ ቦታ ተጽፏል። አብዛኛው ጸሐፊ የሚያወራው እየሳቀ ነው። አራት ሜትር ቆፍረው ሌላ ባሕር አስገቡ፣ ያለ ጥናት፣ በአንድ ሌሊት፣ አፍሪካ እንዲህ ናት እና የመሳሰለው። እኔ ይሄ ሳቅ አይጥመኝም። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የሚለው ተረት የተተረተው ችግረኛው ላይ ለመሳቅ አይመስለኝም። ጉልበትህ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ልጅህ እያተኮሳት፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እስኪጠናቀቅ ስድስት ወር ጠብቅ የሚልህ ሰው መጀመሪያ ራሱ ጫማውን ያውልቅ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ። ወንዙ ከባሕሩ ከፍ ብሎ ስለነበር በቦይዋ በኩል ተንደርድሮ ወጣ፤ ሲወጣም ግራና ቀኙን ጠረገው። አሸዋ ነው፤ ምን ይይዘዋል? ጎርፉ ሲበርድ ደግሞ ባሕሩ በተራው መጣ። በቀን ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ቦይዋ በሳምንታት ውስጥ በመቶ ሜትሮች፣ በዓመታት ውስጥ በኪሎ ሜትሮች የምትለካ ሆነች። ደቡብ ያለው አሮጌው መውጫ አሸዋ ሞላውና ተደፈነ። አዲሷ ቀዳዳ ብቸኛዋ የወንዙ መውጫ ሆነች። ልዝጋሽ ቢሏት የምትዘጋበት ጊዜ አለፈ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። ያጨበጨቡት ሰዎች እያጨበጨቡ ነው የወሰዳቸው።

ጨው

ቀዳዳዋ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ጋንጆል የሚባል አገር አለ። በሽንኩርቱ የታወቀ ነው። አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቆፍረህ ጣፋጭ ውሃ ታወጣና መደብህን ታጠጣለህ። ላንግ ደ ባርባሪ ቆሞ ሳለ ባሕሩ ለጋንጆል ድምፅ ብቻ ነበር። ቀዳዳዋ ስትከፈት ማዕበሉ በቀጥታ መጣባቸው። ጉድጓዱ ጨው ሆነ። መሬቱም ጨው አወጣ። የኮኮናት ዛፉ ከላይ ጀምሮ ደረቀ። ዱን ባባ ጄይ መንደር በየዓመቱ እየተሸረፈች አሥር ዓመት ሳይሞላ ሰዎቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ጋንጆል ውስጥ አንዲት ሴት መደባቸውን አሳዩኝ። ከሩቅ ሲታይ ጤነኛ መሬት ነው። ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ፋቅ አደረጉት፤ ከሥሩ ነጭ ቅርፊት ወጣ። ቀመሱትና «ቅመሽ» ብለው ዘረጉልኝ። ቀመስኩ። ወጥ ውስጥ የሚገባ ጨው ነው። ልጃቸው የት እንዳለ ስጠይቅ በእጃቸው ወደ ሰሜን አመለከቱ፤ ስፔን ማለታቸው ነው። በጀልባ ነው የሄደው። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

አሁን የሚያናድደኝ ጋ ደረስኩ። ከዚህ ቦታ ወደ ላይ፣ ከሳን ሉዊ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዲያማ የሚባል ግድብ አለ። በ1986 የተሠራ ነው። ዋና ሥራው ጨው መከልከል ነው። ግድቡ ሳይኖር በበጋ ወንዙ ሲያንስ የባሕር ውሃ ወደ ላይ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቅ ነበር። አሁን ዲያማ ላይ ይቆማል። ከግድቡ በላይ ያለው የሩዝ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ጣፋጭ ውሃ አገኘ። ከግድቡ በታች ያለው ግን ከባሕሩ ጋር ብቻውን ቀረ። ያ አሸዋ ነበር የቀረው መከለያ። እሱንም ያቺ ሌሊት በሳችው።

ግድቡን የሠሩት ሴኔጋል፣ ማሊና ሞሪታንያ በጋራ ሆነው ነው። በ1972 የወንዙን ድርጅት አቋቋሙ፤ ጊኒ በ2006 ገባች። ዲያማም፣ ማሊ ውስጥ ያለው የማናንታሊ ግድብም፣ የአንዱ አገር ንብረት አይደሉም፤ የጋራ ናቸው። ስለ ዓባይ ውይይት በተነሣ ቁጥር እኛ አገርም ይህ ምሳሌ ይጠቀሳል፤ እኔም በየስብሰባው ስሰማው ልቤ ይሞቅ ነበር። አሁንም ትልቅ ሥራ ነው፤ አላጣጥለውም። የአንድ ወንዝ አገሮች እንዲህ ሲስማሙ በየቀኑ አይታይም። ግን ድርጅቱ የአገሮች ነው። ዱን ባባ ጄይ አገር አይደለችም። ወንበር አልነበራትም።

ያን ሌሊትም አልነበራትም። ሶር ውሃ ውስጥ ስለነበረች ጩኸቷ ይሰማል። ደሴቲቱ የዓለም ቅርስ ናት፤ ዩኔስኮ ከመዘገባት ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ጋንጆል ያን ቀን ደረቅ ነበረች። ደረቅ የሆነን ሰው ማን ይጠይቀዋል? የእኔ ቅሬታ መቆፈሩ ላይ አይደለም። ከቆፈሩ በኋላ፣ ቦይዋ በየሳምንቱ ስትሰፋ፣ ሰዉ ሶር ውስጥ ግድግዳውን ቀለም ሲቀባ፣ ጋንጆል ሄዶ «እንዴት ናችሁ?» ያለ መኖር አለመኖሩ ላይ ነው። ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው። «ፎቶ የሚያነሱ መጡ» አሉኝ።

ጌት ንዳር

አንድ ነገር ብተው ሐሰት ይሆንብኛል። ቀዳዳዋ መጀመሪያ ላይ ያስደሰተቻቸውም አሉ፤ ዓሣ አጥማጆቹ። ወደ ባሕር ለመውጣት 30 ኪሎ ሜትር መውረድ ቀረላቸው። ነዳጅ ተረፋቸው።

ዓሣ አጥማጆቹ የሚኖሩት ጌት ንዳር ነው፤ ያው ቀጭን አሸዋ ላይ፣ ከደሴቲቱ በትንሽ ድልድይ ተሻግሮ። ከአፍሪካ እጅግ ከተጨናነቁ ሰፈሮች አንዱ ነው። በወንዙ ወገን ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ የሸኽ ስም፣ የእግር ኳስ ክለብ ስም፣ የእናት ስም ተጽፎባቸዋል። ወንዱ ያጠምዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሴት ነው። መግዛቱ፣ ማጨሱ፣ ጨው ነስንሶ ማድረቁ፣ ዋጋ መከራከሩ። በጎማ ቦት ጫማና በወርቅ ጉትቻ የምትከራከር ሴት ፊት ቆሜ ዋጋ ከመጠየቅ ተቆጥቤአለሁ። ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል።

ሰፈሩ ሙስሊም ነው፤ መስጊዱ በየማዕዘኑ ነው። ወንዙን የምትጠብቀው ግን ማም ኩምባ ባንግ የምትባል መንፈስ ናት። ልጅ ሲወለድ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ሰው መንገድ ሲወጣ፣ እርጎና ማሽላ ወንዙ ላይ ይፈስላታል። ይሄ ከሃይማኖቱ ጋር አይጋጭም ወይ ብዬ ወጣቱን ስጠይቀው፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ «እናቴን ጠይቂያት» አለኝ። እኔም እናቴ ፊት የማላነሣቸው ጥያቄዎች ስላሉ ነገሩን ተውኩት።

የሴኔጋል ብሔራዊ ምግብ ቼቡ ጄን፣ ሩዝ በዓሣ፣ የመጣው ከዚችው ከተማ ነው። ፔንዳ ምባይ የምትባል የሳን ሉዊ ሴት ናት የፈጠረችው ይላሉ። ዩኔስኮ በ2021 መዘገበው። በወጉ የሚሠራው ቾፍ በሚባል ትልቅ ነጭ ዓሣ ነው። የበላንበት ቤት ግን በትንንሽ ሰርዲን ነበር የተሠራው። ቾፍ በጣም ተጠምዶ አልቋል፤ የተገኘውም በውድ ዋጋ ለውጭ ገበያ ይሄዳል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ይቅርታ ጠየቀችን፤ ቾፍ ባለመኖሩ። በቅርስነት የተመዘገበ ምግብ ዋናው ነገር ሲጠፋበት ምን ይባላል? አላውቅም፤ ብቻ ይጣፍጣል።

ቀዳዳዋ ግን አቋራጭ ብቻ አልነበረችም። አሸዋው ውሃ ውስጥ ቦታ ይለዋውጣል፤ ዛሬ ያለፍክበት ነገ ጀልባህን ይገለብጠዋል። ከ2003 ወዲህ እዚያ ያለቁት አጥማጆች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ጌት ንዳር ዳር ላይ ያለው የአጥማጆች መቃብር ላይ መረብ ይለበሳል። ሐውልት የለም፤ መረብ፣ እንጨት፣ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ።

በባሕሩ ወገን ደግሞ ቤቶቹ እየፈረሱ ነው። ይሄ የቀዳዳዋ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ ራሱ ከፍ እያለ ነው። በ2017 እና 2018 ማዕበሉ ረድፍ ረድፍ ቤት ወሰደ። አንዱ ጋ የቀረች የክፍል ግማሽ አየሁ፤ ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ፣ ሶኬት፣ የልብስ መስቀያ ሚስማር። ወለሉ የለም። በ2018 የፈረንሳይና የሴኔጋል ፕሬዝዳንቶች አብረው መጥተው ገንዘብ ቃል ገቡ፤ ዛሬ ጥቁር ድንጋይ ባሕሩ ዳር ተከምሯል። ቤት የፈረሰባቸው ቤተሰቦች ጁጎፕ ወደሚባል ቦታ ተወሰዱ፤ ከባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ወደ ውስጥ። ደረቅ ነው፤ ሥርዓት አለው፤ ዓሣ የለውም። አጥማጁ በሌሊት ተነሥቶ ትራንስፖርት ከፍሎ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ሚስቱ ዓሣ የምታደርቅበት ቦታ የላትም። ጌት ንዳር የቀሩት «እኛ ጁጎፕ አንሄድም፤ ባሕሩ ይውሰደን» ይላሉ። ፉከራ ይመስላል። ሒሳቡን ብትሠሩት ግን ትክክል ናቸው።

ባሕሩ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሲመሽ ከጌት ንዳር ዳርቻ ወደ ምዕራብ ብታዩ መብራት ይታያችኋል፤ የጋዝ ፕሮጀክቱ ነው። ሴኔጋልና ሞሪታንያ በድንበራቸው ላይ የተገኘውን ጋዝ በጋራ ያወጣሉ። በ2024 መጨረሻ ጋዙ መፍሰስ ጀመረ፤ በ2025 የመጀመሪያው መርከብ ጭኖ ሄደ። በመሣሪያዎቹ ዙሪያ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። አጥማጆቹ እንደሚሉት የተከለከለው ውስጥ ዓሣው የሚራባበት ድንጋያማ ቦታ ይገኛል። አባቶቻቸው ሲያጠምዱበት የኖሩበት ነው።

በዚህኛው እንኳን ተጠይቃችኋል ወይ ብዬ ጀልባ የሚጠግኑ ወጣቶችን አነጋገርኩ። በአንድ ሌሊት የተወሰነ ነገር አይደለም፤ ዓመታት ወስዷል፤ ጥናት ተጠንቷል። «አዎ፣ ተጠይቀናል» አለኝ አንዱ፤ ሌሎቹ መሳቅ ጀመሩ። ስብሰባ ነበር። አዳራሽ ነበር፣ ወንበር ነበር፣ ለስላሳ ነበር። ካርታ በፕሮጀክተር ታይቷል። እሱም እጁን አውጥቶ ጀልባው በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቋል። «ምን መለሱልህ?» አልኩት።

«በጽሑፍ አስገባ አሉኝ» አለ። «አስገባሁ። ስፈርም ያየሁት ወረቀት ግን የተሰብሳቢዎች ስም መመዝገቢያ ነበር።»